«እስማማለሁ» ያለው ማን ነው?

አክስቴን ዋሽቻት አላውቅም ነበር። ባለፈው አረፋ ዋሸኋት። ውሸቷ ሁለት ፊደል ናት፦ «አዎ»። በዓሉ ካለፈ ቆየ፤ እሷ ግን ጥርስ ውስጥ እንደቀረ የአረፋ ሥጋ ሆናብኛለች። በምላሴ እየሄድኩ እነካካታለሁ፣ አትወጣም።

ጉዳዩ የባንክ ሂሳብ ነው። በስልክ፣ ቤት ቁጭ ብሎ፣ በአምስት ደቂቃ ይከፈታል የሚባለው ዓይነት። የባንኩን ስም አልጠራም። አንደኛ፣ የሌሎቹ አፖችም ከዚህ ብዙ የሚለዩ አይመስለኝም። ሁለተኛ፣ ሁሉንም ባንኩ ላይ ከደፈደፍኩት የራሴን መደበቄ ነው።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት። ሐይቅ ነው የምትኖረው። እናቴ ክርስቲያን፣ እሷ ሙስሊም። ለወሎ ሰው ይህ ማብራሪያ የሚፈልግ ነገር አይደለም፤ እኛ ቤት ቢላው ሁለት ነው፣ ጀበናው አንድ ነው። የነገርኳችሁ በኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

ከ30 ዓመት በላይ በርበሬና ቅመም ሸጣለች። ገንዘቧ አልጋዋ ሥር ባለ የቆርቆሮ ሳጥን ነበር የሚኖረው። በ2014 ጦርነቱ ሐይቅ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ቤቷን ዘግታ ሸሸች። ስትመለስ ሳጥኑ ተሰብሮ ጠበቃት። ጎረቤቷ ግን የባንክ ደብተሯን እንኳ ሳትይዝ ወጥታ፣ አዲስ አበባ ላይ ገንዘቧን አውጥታ ክፉ ቀኗን አለፈችበት። አክስቴ ይህን ነገር አልረሳችውም። «የሷ ብር እግር አለው፤ ተከተላት» ትላለች።

ኋላ ደግሞ ትንሹ ልጇ ሳውዲ ሄደ። የሚልከው ብር በእኔ ሂሳብ ይገባል፤ እኔ በቴሌብር አሻግርላታለሁ። አንድም ቀን አጉድዬባት አላውቅም፣ እሷም ጠርጥራኝ አታውቅም። ግን በየወሩ «ገባ? ስንት ነው?» ብሎ የእህትን ልጅ መጠየቅ ይከብዳል። የራሷ ሂሳብ አማራት። ይኸው ነው።

አረፋ ላይ ከአዲስ አበባ ገብቼ ገና ሻንጣዬን ሳላወርድ «ነገ ባንክ ቤት ትወስደኛለህ» አለችኝ።

«ባንክ ቤት ምን ይሠራልሻል እቴቴ? ዛሬኮ ባንኩ ዝግ ነው፣ ስልኩ ግን ክፍት ነው። እዚሁ እንከፍተዋለን። አቦሉ ሳይፈላ ያልቃል» አልኳት።

## ከአቦል እስከ በረካ

የበዓል ቤት ነው፤ ጎረቤት ሞልቷል። ብርሃኑ ይሻላል ብዬ አክስቴን በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳትና ስልኬን አወጣሁ። ስልኩ የእኔ ነው፤ የሷ ባለ ቁልፍ ናት። ይህንንም ያዙልኝ።

አፑ መጀመሪያ የፋይዳ ቁጥር ጠየቀ። እሱስ አለ። አሥር ጣቷን፣ ሁለት ዓይኗን፣ ፊቷን ሰጥታ ተመዝግባለች። ካርዱን ከመቀነቷ ፈትታ አወጣችው። ቁጥሩን አስገባሁ። «ለተመዘገበው ስልክ ኮድ ልከናል» አለ።

የተመዘገበው ስልክ የማን ነው? የልጇ። ያኔ ይዟት ሄዶ ሲያስመዘግብ የራሱን ቁጥር ነበር የሰጠው። እሱ አሁን ሳውዲ ነው፤ ሲም ካርዱ ግን ኮምቦልቻ፣ እህቱ ጋ ቀርቷል። ደወልን። እህትየው እጇ ሥጋ ነው፤ ስልኩን ያነሳችው ትንሿ ልጇ ናት። ኮዱ ቶሎ ይሞታል። ሁለቱ ሞቱብን። ሦስተኛውን ልጅቷ ከኮምቦልቻ አንድ በአንድ ጠራችልን። ስልኩ ላውድ ላይ ስለነበር ቤቱ ሙሉ ሰማ። ከኮዱ በታች ያለውንም፣ ትምህርት ቤት እንደለመደችው፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፦ «ይህን ቁጥር ለማንም አይንገሩ።»

ሳቅ ሆነ። አንዲት ጎረቤት «እኛ ማንም ነን እንዴ?» አሉ።

ቀጥሎ ፎቶ። «ፊትዎን ክቡ ውስጥ ያስገቡ።» አስገባች። «ዓይንዎን ይጨፍኑ።» ጨፈነች፤ ጨፍናም ቀረች። ግለጪ ያላት የለማ! እንደገና። «ፊትዎን ወደ ግራ ያዙሩ።» ከግራ ቀኝ ሆነባት። እንደገና። «ፈገግ ይበሉ» ሲል ግን ጭራሽ እምቢ አለች። «ለባንክ ይሳቃል እንዴ? ብር ልለምናቸው የመጣሁ ነው የሚመስላቸው።» የዕጣኑ ጭስ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ይመጣል፣ ሻሿ ይንሸራተታል፣ አፑ «ፊት አልተገኘም» ይላል። ይህች ፊት እኮ በሐይቅ ገበያ ማንም የማይስታት ፊት ናት። በአምስተኛው ላይ ጎረቤቶቿ አንድ ነገር ተናግረው አሳቋት፤ አፑ ሳቋን ከአየር ላይ ቀለበ።

ቶናው ደረሰ።

ከፋይዳው ስሟና የልደት ቀኗ ተሞልቶ መጣ። የተወለደችው በፈረንጅ ጃንዋሪ 1 ነው ይላል። እሷ ስለ ዕድሜዋ የምታውቀው «በ66ቱ ድርቅ ነፍስ አውቄ ነበር» የሚለውን ነው። መዝጋቢው ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የተዘጋጀ ቀን አለው።

«የሥራ ዓይነት» ይላል። ከተዘረዘረው ውስጥ የሚቀርባት «የቤት እመቤት» መሰለኝና ጮክ ብዬ አነበብኩት። ተቆጣች። «30 ዓመት ፀሐይ የበላኝ ቤት ውስጥ ነው?» ወደ «ነጋዴ» ቀየርኩት፤ የንግድ ፈቃድ ቁጥር ጠየቀኝ። ከየት ይምጣ? ተመልሼ «ሌላ» አልኩት። እንዲህ ሆና የኖረችው ሴት በባንኩ መዝገብ «ሌላ» ሆና ተጻፈች።

«የወር ገቢ» ሲል ድምፄን ዝቅ ማድረግ ነበረብኝ። አላደረግኩም። ቤቱ ጸጥ አለ። ሁሉም ስኒው ውስጥ ማየት ጀመረ። ገቢ እንዲህ ሰው ፊት አይጠየቅም፤ ይህን የማላውቅ ልጅ አይደለሁም። ስልክ ይዤ ስቀመጥ ግን የማውቀው ነገር ይጠፋብኛል መሰለኝ። አክስቴ የሲኒዋን ጠርዝ በጣቷ እየጠረገች «አላህ የሰጠውን ጻፍ» አለች። ዝቅተኛውን መረጥኩ።

ከዚህ በኋላ ቸኮልኩ። አፍሬያለሁ፣ ሰዓቱም ሄዷል፣ አምስት ደቂቃ ያልኩት ነገር ሊያጋልጠኝ ነው። «የሂሳብ ዓይነት» የሚል ሳጥን መጣ፤ በራሱ «መደበኛ ቁጠባ» ተብሎ ተሞልቷል። አልነካሁትም። «ውሎችና ሁኔታዎች» የሚል ሰማያዊ ጽሑፍ መጣ። ስነካው ረጅም እንግሊዝኛ ተዘረገፈብኝ፤ ዘጋሁት። ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ሳጥን ጫንኩ። «እስማማለሁ።»

«እንኳን ደስ አለዎት! ሂሳብዎ ተከፍቷል።»

እልልታ ሆነ። ለመጀመሪያ ይሁናት ብዬ ከእኔ ሂሳብ 500 ብር ላክሁ፤ ወዲያው ገባ። ሰው ሁሉ ስልኩን ተቀባብሎ አየ። በረካው ቀርቦ አንድ ትልቅ ሰው ዱዓ አደረጉ፦ የሚገባው ሐላል ይሁን፣ የላከው ልጅ በሰላም ይመለስ፣ የከፈተልሽም ይባረክ። የከፈተልሽ የተባልኩት እኔ ነኝ። «አሚን» ስንል ከሁሉም የእኔ ድምፅ ሳይበልጥ አይቀርም።

## «አዎ»

ሰው ተበታተነ። አክስቴ ስኒ እየለቀመች ነው። ቀና እንኳ ሳትል፣ እንደ ጥያቄም ሳይሆን፣ እንደዋዛ አለችኝ፦

«ያው ከወለድ ነፃው ነው አይደል?»

ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ወደቀ። ያቺ በራሷ የተሞላች ሳጥን ዓይኔ ላይ መጣች። «መደበኛ ቁጠባ።» ስንት ሂሳብ ከፍቻለሁ፤ «መደበኛ» የሚለው ቃል ለእኔ መደበኛ ስለሆነ አይታየኝም። ለሷ ግን የሳጥኑ ዋና ነገር እሱ ነበር። ወለድ አትበላም። ሙሉ ዕድሜዋን አልበላችም። ሳጥኗ ተዘርፎ እንኳ ከአራጣ አበዳሪ አንድ ብር አልወሰደችም።

«አዎ» አልኳት።

ለምን እንዳልኩ ብዙ አሰብኩ። ክፋት አልነበረም። ቤቱ ደስ ብሎታል፣ ዱዓው ተደርጓል፣ እኔ የተማረው ልጅ ነኝ። ሦስት ሰከንድ ይበቃል እንደዚህ ለመዋሸት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። እኔን የሚገርመኝ ሳሚው ንፍጡን አይቶ «አይ፣ ምንም የለም» ማለቱ ነው።

ወደ ጓሮ ወጥቼ አፑን ከፈትኩት። ሂሳቡን ስነካው «7 በመቶ» የሚል አለ። አውቀዋለሁ፤ ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ያሳደገው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፣ ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። የሂሳብ ዓይነት መቀየሪያ ፈለግኩ። የለም። መዝጊያ ፈለግኩ። የለም። የጥሪ ማዕከሉ ላይ ደወልኩ። ሙዚቃ፣ ቁጥር ተጫን፣ ሙዚቃ። በመጨረሻ በበዓል ቀን ሥራ የገባ አንድ ምስኪን ልጅ አነሳ።

«የሂሳብ ዓይነት ለመቀየር ባለቤቷ በአካል ቅርንጫፍ መቅረብ አለባቸው» አለኝ።

«በስልክ ነው እኮ የተከፈተው።»

«አዎ፣ መክፈት በስልክ ይቻላል።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። ይኸኛው ባሰ፤ ሲሮጡ ታጥቀውት፣ ለመፍታት ተሰልፈው የሚውሉበት ነው።

## የማን ጣት

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ነገሩን ስገለብጥ አደርኩ። ስልኩ የእኔ። መጀመሪያ የገባው ብር የእኔ። ኮዱ ከኮምቦልቻ፣ ሳውዲ ባለ ሰው ሲም። ሥራዋን የመረጥኩት እኔ፣ ገቢዋን የገመትኩት እኔ፣ የተስማማሁት እኔ። ከሷ የተወሰደው ፊቷ ብቻ ነው፤ እሱም ጎረቤት አስቆባት። ባንኩ ግን «ደንበኛዬን አውቄያለሁ» ብሎ መዝግቧል። ማንን ነው ያወቀው?

ይህ የእኛ ቤት ብቻ ታሪክ አይመስለኝም። ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ሞባይል ቤት ለጥቂት ደቂቃ ቁሙና እዩ። አንድ አባት የስልክ ጠጋኙን ልጅ «እስቲ ይችን ነገር ክፈትልኝ» ይሉታል። ልጁ በአውራ ጣቱ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ያደርገዋል። አባትዬው ከመደርደሪያው ወዲህ ቆመው የልጁን ፊት ነው የሚያዩት፤ ቅር ሲለው ቅር ይላቸዋል፣ ሲስቅ ይስቃሉ። የእሳቸው ባንክ እሱ ነው። ኦንላይን ሂሳብ መክፈት የምንለው ነገር እኛ ጋ በአብዛኛው በሰው ጣት መክፈት ነው። አፑን የሠሩት ሰዎች ግን ስልክ የያዘው ሰውና ብሩ የሚቀመጥለት ሰው አንድ ሰው ናቸው ብለው ነው የሠሩት።

እንግዲህ ባንኮች «ደንበኛ የሚጠብቀው ፍጥነት ነው» ይሉናል። ማስታወቂያው ሁሉ ደቂቃ ይቆጥራል። እኔም ያመንኩት ይህንኑ ነው፤ ለዚያ ነው አቦሉን ልቀድም የተሯሯጥኩት። አክስቴ ግን አንድም ጊዜ «አልቆየም?» አላለችም። እሷና ጎረቤቶቿ በዚያ ሁሉ ሰዓት የጠየቁኝ ጥያቄ ሌላ ነበር። ስልኩ ቢጠፋ ብሩ ይጠፋል? እሷ ብትሞት ማን ይወስደዋል፣ ለልጆቿ እንዴት ይደርሳል? ባንኩ ራሱ ቢወድቅስ?

ለመጨረሻው መልስ ነበረኝ፤ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ የሚባል ተቋም መኖሩን፣ ባንክ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር እንደሚሸፍን አውቃለሁ። አፑ ግን ይህን የትም አላለም። አስቡት፤ ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ቢጽፍ ከዚያ ሁሉ «እንኳን ደስ አለዎት» ይልቅ ቤቱን ያሳርፍ ነበር። ስለ ውርሱ ደግሞ አፑ አልጠየቀም፣ እኔም አልመለስኩም።

ከወለድ ነፃ የሚለው ነገር ትናንት የመጣ ቢሆን «አልደረሱበትም» እል ነበር። ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጥበትን መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሙሉ ለሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ የተቋቋመው የመጀመሪያው ባንክ፣ ዘምዘም፣ በ2021 ሥራ ጀምሯል። መደበኛ የሚባሉት ባንኮችም መስኮት ከፍተው፣ ቅርንጫፍ ለይተው እየሠሩ ነው። አገልግሎቱ አለ። ይኸው አፕ ውስጥም ነበረ፤ ያቺን ሳጥን ብነካት ኖሮ ከሥሯ ይወጣ ነበር። ችግሩ መልሱ አስቀድሞ ተሞልቶ መምጣቱ ነው። እንደ ወሎ ባለ አገር፣ ግማሹ ሰው «ይህን አልነካም» የሚለውን ነገር ሞልቶ ማቅረብ፣ እንግዳ ሳይጠይቁ ሥጋ ማቅረብ ነው። እኛ እኮ ሰርግ ስንደግስ «የክርስቲያኑ በዚህ፣ የእስላሙ በዚያ» ሳንል ሳህን አናነሳም። ይህን ያስተማረን መመሪያ አይደለም። (ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው የተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያም ለደንበኛ ግልጽ መረጃ ይሰጥ ይላል። ያ የተዘረገፈብኝ እንግሊዝኛ ግልጽ ከተባለ እንግዲህ ምን ይባላል።)

ስልክ ጠላት ነው እያልኩ እንዳይመስልባችሁ። አክስቴ ቴሌብር ከጀመረች ቆየች። የመዘገባት ሱቅ ያለ ልጅ ነው፤ እናቱን ታውቃለች፣ ሲሳሳት ሄዳ ትቆጣዋለች። በሐምሌ 2015 መጨረሻ አማራ ክልል ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ዓመት ያህል ሲቆይ፣ አፕ የሚባል ነገር ሁሉ ስልካችን ላይ ሞቶ ተቀምጦ ነበር። የሷ ባለ ቁልፍ ስልክ ግን ኔትወርክ ባለ ቀን «ኮከብ 127 መሰላል» ብላ ትሠራ ነበር። እኔ የተማርኩት ልጅ የዚያን ጊዜ ከሷ ነው የተበደርኩት። ስለዚህ ስልኩን አልፈራችውም። ሄዳ የምትቆጣው ሰው ከበስተጀርባው እንዲኖር ነው የምትፈልገው።

## ቅዳሜ ጠዋት

በማግስቱ ባጃጅ ውስጥ ነገርኳት። ከቤት ሳንወጣ መንገር ነበረብኝ፤ ባጃጁ ሲንጫጫ ይቀለኛል ብዬ ነው።

«እቴቴ፣ ትናንት አዎ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ወለድ ያለው ነው የከፈትኩት። አላየሁትም ነበር።»

መንገዱን እያየች ቆየች። «ሳታየው ከሆነ ምን ይደረጋል። ኋላ አዎ ያልከኝ ለምንድን ነው?»

«አፈርኩ።»

«እኔን?» አለች። ከዚያ ዝም። ባጃጁ አንድ ጉድጓድ ገብቶ ወጣ። «ስልኩ ግን ለምን አልጠየቀኝም?»

«ጠይቋል። እኔ ነኝ ያልነገርኩሽ።»

«እሱማ አንተን ነዋ የጠየቀው።»

ሌሊቱን ሙሉ ስዞረው ያደርኩትን ነገር በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

ቅርንጫፉ ገነት ነበር አልልም። በር ላይ ጥበቃው መቀነቷን አስፈትቶ ፈተሸ። ተራ ቁጥር ይዘን ተቀመጥን። ተራችን ሊደርስ ሲል «ሲስተም የለም» ተባለ፤ ግማሽ ሰዓት። ሁለት ጉርድ ፎቶ አምጡ ተባልን፤ ወጥተን ፎቶ ቤት ተሰለፍን። ፎቶ አንሺው ፈገግ በይ አላላትም፣ በዚህ በጣም ተደሰተች። በድምሩ ሁለት ሰዓት ከምናምን ፈጀ። አምስት ደቂቃው ናፈቀኝ፤ እውነቱን ለመናገር።

መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ግን ኮምፒውተሯን ሳትነካ መጀመሪያ አክስቴን ቀና ብላ አየቻት።

«እማማ፣ እንኳን አደረሰዎ። አረፋ እንዴት ነበር?»

«አልሐምዱሊላህ፣ የኔ እናት።»

«ከወለድ ነፃው ነው የሚፈልጉት፣ መደበኛው?»

ሻሿን አይታ ሞልታ ልታልፈው ትችል ነበር። ጠየቀች። አክስቴ ዞራ እኔን አየችኝ። ምንም አላለችም፤ አየችኝ ብቻ። ያቺን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ልጅቷ አስረዳቻት። «ዋዲያህ የሚባል ሂሳብ አለ። አደራ ማለት ነው። ያስቀመጡት ያው ይጠብቅዎታል፤ ወለድ አይጨመርበትም።»

«አይቀንስማ?»

«አይቀንስም።»

«እንዲያ ነው። እኔ የምፈልገው አደራውን ነው።»

የትናንቱ ሂሳብ ተዘጋ። ልጅቷ እየሳቀች «እንደዚህ ልጆቻቸው ከፍተውላቸው የሚመጡ ብዙ ናቸው» አለችኝ። ፈርሙ ሲባል አክስቴ አውራ ጣቷን ዘረጋች። ልጅቷ ጣቷን በቀስታ ይዛ ቀለሙ ላይ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችላት፤ እንደ ሕፃን ጣት። በርበሬ ሲደልዝ የኖረ ጣት ነው፣ መስመሩ ሳስቷል። መጀመሪያ ያረፈው ደብዘዝ አለ፣ ደገሙት። ከወረቀቱ ሲነሳ ሰማያዊው ክብ ትንሽ ተዛብቶ ቀረ። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጣቷን በመሐረብ ጠርጋ፣ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልላ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆም አለች።

«ያ የትናንቱ በአንድ ሌሊት ስንት ወለደ?»

ስልኬን አውጥቼ አሰብኩላት። 500 ብር፣ በ7 በመቶ፣ ለ365 ሲካፈል። «አሥር ሳንቲም አይሞላም» አልኳት። «ለዚያውም በአንድ ቀን የሚጽፉት አይመስለኝም።»

«ሞላም አልሞላም የኔ አይደለም።» መቀነቷን መፍታት ጀመረች። ከባንኩ በር ወዲያ አንድ ሽማግሌ ምጽዋት ይጠይቃሉ፤ አሥር ብር ልትሰጥ ነው።

«እንዴ እቴቴ፣ 500ውኮ የኔ ብር ነበር። ወለዱ ካለም የኔ ነው።»

እጇ መቀነቷ ላይ እንዳለ አሰበች። ከዚያ አሥር ብሯን መልሳ ቋጠረቻት።

«እንግዲያ ኃጢአቱም ያንተ ነው። አንተ ስጥ።»

ሰጠሁ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው እድሜና ጤና፣ ሐላል ሀብት ብለው መረቁኝ። እሷ ከአጠገቤ ቆማ «አሚን» አለች፣ ጮክ ብላ።